አጎቴና የሬዲዮው ሰላምታ

አጎቴ ስልክ ሲደውሉ እንዴት ነሽ ብለው አያውቁም ነበር። «ቅዳሜ ኦክላንድ ነይና ውሰጂኝ» ይሉና ይዘጋሉ። አንድ ቅዳሜ መኪና ውስጥ፣ «ጋሼ፣ ሰላም ቢሉኝ ምን ይጎድልብዎታል?» አልኳቸው።

በወጣትነታቸው ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ውስጥ የጠላትን የሬዲዮ ኮድ ይፈቱ ነበር።

«አንድ የጠላት ሬዲዮ ኦፕሬተር መልእክቱን ሁሌ በአንድ ዓይነት ሰላምታ ይጀምር ነበር» አሉኝ። «ኮዱን የፈታነው በዚያች ሰላምታ ነው። ጀልባቸው ያለችበትን ደረስንበት፤ ተመታች። ልጁ ዳግመኛ ሬዲዮ ላይ አልመጣም።»

«አዘኑ?»

«ያን ጊዜማ ተሸለምንበት» አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ሰላምታ አንስቼባቸው አላውቅም። ባለፈው ወር አረፉ። አሁን የሚደውልልኝ ሁሉ ስለ ጤናዬ ይጠይቃል፤ ደህና ነኝ እላለሁ። ትናንት ቅዳሜ ከቤቴ ከሳን ሆዜ ተነስቼ የኦክላንድን ሀይዌይ ከገባሁ በኋላ ነው የምወስደው ሰው እንደሌለ ትዝ ያለኝ።