ቀባሪ ሞልቷት ጧሪ ያጣች

ከአዳማ ልወጣ ስል፣ በዋዜማው ምሽት፣ እናቴ አላለቀሰችም፤ ተቆጣች። እኔ ሻንጣ እዘጋለሁ፣ እሷ ትከፍተዋለች፤ በርበሬ ትጨምርና ደግሞ ትቆጣለች። «ጡረታ ያለው ሥራ ትቶ የሚሄድ ሰው አይቼ አላውቅም!» ትለኛለች። ጡረታ ያለው ሥራ የምትለው የልብስ ፋብሪካውን ነው። እኔ መቼ ተውኩት? እሱ ነው የተወኝ። ትዕዛዝ ቀረ ተባለና ግማሾቻችን ተሰናበትን። ይህን ስነግራት «ቢሆንስ፣ ተመልሶ ይከፈት ይሆናል» አለች። እናንተ እናቶች ፋብሪካን እንዳኮረፈ ባል ነው የምታዩት፤ ደጅ ከተጠበቀ የሚመለስ ይመስላችኋል።

በማግስቱ የጅቡቲው ባቡር ላይ ወጣሁ። ድንበሩ፣ ደወሌ ላይ፣ ፓስፖርታችን ታየ።

«ለምን ጉዳይ ነው የምትሄጂው?» አለኝ መርማሪው።

«ዘመድ ልጠይቅ።»

«ከፊትሽ ያሉትም ዘመድ ጠያቂ፣ ከኋላሽ ያሉትም ዘመድ ጠያቂ። ጅቡቲ ይህን ያህል ዘመድ ካለን እኔ እዚህ ፀሐይ ላይ ምን እሠራለሁ?» አለና ማኅተሙን መታው።

ጅቡቲ፣ ናጋድ ጣቢያ ስንወርድ መሽቷል፤ ሙቀቱ ግን አልመሸም። የፋብሪካችን የካውያ ክፍል በር ፊቴ ላይ የተከፈተ መሰለኝ። የተቀበለችኝ እትዬ ዘውዴ ነበረች፣ የጎረቤታችን ትውውቅ፤ ከዚያ በፊት በስልክ ብቻ ነው የማውቃት። ጠይም፣ አጭር፣ ፈጣን ሴት። አቅፋ ሳመችኝና «ለቅሶሽን ለሌላ ቀን አቆዪው፣ ሚኒባሱ ያመልጠናል» ብላ ሻንጣዬን ቀማችኝ።

ባልባላ በሚባለው ሰፈር አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ነበረቻት፣ እሷን ተካፈልን። አከራያችን ሐጂ ይባላሉ። ክፍሉ መስኮት የለውም ብዬ አቤት ብላቸው፣ «መስኮት ለምን ፈለግሽ? ውጭውም እኮ ያው ሙቀት ነው» አሉኝ። እኔ አምቡሊ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ፣ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ አንሶላ አጣቢ ሆንኩ። ዳቦው እንደ ምርኩዝ የረዘመ ባጌት ነው፤ አልዋሽም፣ ይጣፍጣል። ሽንኩርቱና ቲማቲሙ ከእኛው አገር ነው የሚመጣው። ጫቱማ ቅጠሉ ሳይዝል በሰዓቱ ይገባል፣ ከተማው ሁሉ ደጅ ወጥቶ ይቀበለዋል። ጠውልገን የምንደርሰው እኛ ብቻ ነን።

እትዬ ዘውዴ ከልጅነቷ ጀምሮ የአንድ ቤት ወጥ ቤትና ሞግዚት ነበረች። ባለቤቲቱን ሁሉም «ማዳም» ነው የሚላት። የማዳምን ልጆች አዝላ ያሳደገች እሷ ናት። ትልቁ፣ ኢድሪስ፣ ስሟን መጥራት አቅቶት «ዞዴ» ይላት ነበር፤ ሌሎቹም እንደዚያው ቀጠሉ። ስለ ልጆቹ ስታወራ «የኔዎቹ» ነበር የምትለው። እኔ መጀመሪያ የወለደቻቸው መስሎኝ ነበር።

አንድ ቀን የማዳም ማድ ቤት ውስጥ ድስት እንዳነሳች ወደቀች። ግራ ጎኗ አልታዘዝ አላት። ማዳም ሐኪም ቤት አስገባቻት፣ ይህን አልክድም። ከዚያ ግን ልብሷን በፌስታል አድርጋ በታክሲ ባልባላ ላከቻት፤ «ሲሻልሽ ትመለሻለሽ» አለቻት። ሳይሻላት ሌላ ልጅ ተቀጠረች።

እኔ ጠዋት አጥቤያት፣ አብልቻት እወጣለሁ። ስመለስ ያው እንደተኛች፣ ላብ ውስጥ ናት። አብራኝ የምታጥበው የአገሬው ሴት ስለ ማኅበራዊ ዋስትና ነገረችኝ፤ አሠሪ በየወሩ የሚከፍልለት ሠራተኛ ሲታመም ይታከምበታል፣ ሲያረጅ ይጦርበታል። እየሮጥኩ መጥቼ «እትዬ፣ መብት አለሽ፣ እንሂድ» አልኳት።

«አልሄድም።»

«ለምን?»

«ኢድሪስ እዚያ ቢሮ ነው የሚሠራው። ልጄን በሥራው ቦታ አላሳፍረውም።»

ለታናሽ እህቷ ለአስካለች፣ ድሬዳዋ ላለችው፣ ልደውል ብላትም ማርያምን ብላ እንዳልደውል ለመነችኝ። እህቷ የምታውቀው ዘውዴ ደህና እንደሆነችና ጡረታዋን ይዛ እንደምትመጣ ብቻ ነው። መድኃኒቱ ሲያልቅባት ግን ቢሮው ለመሄድ እሺ አለች። ተሸክሜ ሚኒባስ ውስጥ አስገባኋት።

የእኔ ፈረንሳይኛ ከአንሶላና ከፎጣ አያልፍም። አማርኛ የሚችል የቢሮው ዘበኛ አስተረጎመልን።

«ቁጥሯን ትላለች» አለ፣ በመስኮቱ ውስጥ ያለችውን ሴት እያየ።

«ቁጥር የላትም።»

«ቁጥር ከሌላት የለችም ትላለች።»

«ይኸው ተቀምጣ! አታያትም?»

«እኔ አያታለሁ፣ ኮምፒዩተሩ ነው የማያያት ትላለች። አሠሪዋ ማን እንደሆነ ትንገረንና እንጠይቀው ትላለች።»

ይኼኔ ከሴትየዋ ጀርባ፣ ከመስታወቱ ወዲያ፣ አንድ ረዥም ወጣት ቆሞ አየሁ። እትዬ ዘውዴም አየችው። ከንፈሯን በደህና እጇ ጠረገች።

«አሠሪ አልነበረኝም» አለች። «ልጆች ነበሩኝ በላት።»

ዘበኛው አልተረጎመም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ወጣቱ በሩን ከፍቶ ወጣ። ያ ከረባት ያሰረ ሹም እግሯ ሥር በርከክ አለና፣ ማድ ቤት ውስጥ በተማረው የሕፃን አማርኛ «ዞዴ፣ ማን መታሽ?» አላት። ወገኖቼ፣ በዚያን ሰዓት መቆጣቱ ትዝም አላለኝ። እጇን ይስማል፣ ያለቅሳል፣ እሷ ደግሞ እንባውን ትጠርግለታለች። መታመሟን አልሰማም ነበር፤ እናቱ አገሯ ገባች ብላዋለች።

ቆይቶ ነው ንዴቱ የመጣብኝ። «ቤታችሁ ለምን አላስመዘገባትም?» አልኩት።

«እናቴ ዞዴ ቤተሰብ ናት ትላለች። ቤተሰብ ማን ያስመዘግባል?»

«ቤተሰብ ከሆነች ለምን ባልባላ ተጣለች?»

እትዬ ዘውዴ እጄን በጥፊ መታችኝ። «ልጁን ተይው!»

ኢድሪስ አንገቱን ደፍቶ፣ አማርኛው ሲያጥረው ዘበኛው እየተረጎመለት፣ ተናገረ። ለወደፊቱ በየቤቱ የሚሠሩ ሴቶች ሁሉ ዋስትና እንዲኖራቸው እየተጠና ነው፤ ከሚያጠኑትም አንዱ እሱ ነው። «ወደፊት ይስተካከላል» አለ።

«ጎበዝ ልጄ» አለችው። «ለሚመጡት ይሁንላቸው።» ሚኒባሱ ውስጥ ግን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ እስከ ባልባላ አለቀሰች።

ልጁ ክፉ አልነበረም። መድኃኒት ይዞ መጣ፣ ደጋግሞ መጣ። ከእናቱ ጋር ተጣላ። በመጨረሻም ያላሰብኩትን አደረገ፤ «አሠሪዋ እናቴ ናት ብዬ እኔው አመለክታለሁ፣ አንቺ ብቻ ይህን ያህል ዘመን ሠርቻለሁ ብለሽ መስክሪ» አላት። አማርኛው አልበቃ ብሎት በሶማልኛ ደገመው። ሶማልኛውን ከኔ ይልቅ እሷ ትሰማለች።

«በእናትህ ላይ?» አለች።

«በእናቴ ላይ።»

«እኔ ያሳደግኩት ልጅ እናቱን አይከስም» አለችው። ለመንኳት፣ ጮህኩባት፣ ከእግሯ ሥር ወደቅኩ። «አንቺ ገና ልጅ ነሽ» ብላ ዓይኗን ጨፈነች። እስካሁን ይህ ደግነት ይሁን ወይስ ሌላ ስም ያለው ነገር፣ አላውቅም።

የቀረኝ እዚያ ያለን የአገራችን ሰዎች እድር ነበር። ሰብሳቢው ጋሽ ታደሰ እዚሁ የተወለዱ፣ አባታቸው የድሮው ባቡር ሠራተኛ የነበሩ ሰው ናቸው። ሱቃቸው ሄጄ ለእትዬ ዘውዴ መታከሚያ ከእድሩ እንዲሰጥ ጠየቅኳቸው።

«ደንባችን ለቀብር ነው፣ ልጄ።»

«እስክትሞት ልትጠብቋት ነው?»

ክፉ ቃል እንደወጣኝ ገባኝ። እሳቸው ግን አልተቆጡም። «እኔም ልጆቼ ፈረንሳይ ናቸው» አሉ። «ቀባሪ አላጣም፣ እድሩ አለ። የሚጦረኝ ማን እንደሆነ ግን ሳስበው እንቅልፍ አይወስደኝም። በሚቀጥለው ስብሰባ አነሳዋለሁ።»

ስብሰባው ሳይደርስ እትዬ ዘውዴ ሞተች። ኸምሲኑ፣ የበረሃው ትኩስ ንፋስ፣ አቧራውን እያነሳ በሚነፍስበት ቀን፣ እኔ አንሶላ ሳሰጣ፣ ብቻዋን። አከራያችን ሐጂ ናቸው ያገኟት፤ እኔ እስክደርስ በሩ ላይ ቆመው ማንንም አላስገቡም።

ቀብሩን ብታዩ! ድንኳን ተተከለ፣ ወንበር በመኪና መጣ፣ ንፍሮው፣ ወጡ፣ የታሸገው ውኃ። በሕመሟ ጊዜ ደጃችንን ያልረገጠ ሰው ሁሉ መጥቶ አነባ። ኢድሪስ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ፀሐይ ላይ ቆሞ ዋለ፤ ግባ ቢሉትም አልገባም። ማዳም ሩዝ ላከች። ጋሽ ታደሰ ድንኳኑ ውስጥ ተነስተው፣ ከእንግዲህ እድሩ ለታመመም ይድረስ ብለው ተናገሩ፤ ሁሉም እጁን አወጣ። እኔም አወጣሁ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ከለቀስተኛው ሸሽቼ ክፍላችን ገብቼ ተቀመጥኩ፣ የእትዬ ዘውዴ ስልክ ጠራ። አስካለች ናት፤ ከእህቷ ጋር እንደምኖር ታውቃለች። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ጋሽ ታደሰ ድሬዳዋ ያሉ ሰዎችን ለምነው፣ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሄደው ሊያረዷት ተስማምተዋል። ስልኩን ሳላነሳው ብቀር ደግሞ ትሰጋለች። አነሳሁት።

«ዘውዴስ?»

«ተኝታለች» አልኳት።

«ትተኛ፣ ትተኛ፤ ደክሟት ነው። ኧረ ለመሆኑ የጡረታዋ ነገር እንዴት ሆነ?»

«እየተጠና ነው አሉን።»

«ተመስገን! እንግዲህ ወደ ማለቁ ነዋ። ስሚኝ ልጄ፣ የጓሮዋን ክፍል ኖራ አስቀባሁላት። አልጋውን ንፋስ በሚገባበት በኩል አድርጌዋለሁ፤ እሷ ሙቀት መሯታል። ስትነሳ ንገሪያት፣ እሺ?»

«እሺ እትዬ» አልኳት። «እነግራታለሁ።»