ዶክተር ውባለም ኬላ ላይ ዝም ያሉ ዕለት

ዶክተር ዐረፉ ሲሉኝ፣ ውሸት ነው ብዬ ራሳቸው ስልክ ላይ ደወልሁ። ያነሳው ወንድማቸው ነው። "እንዴት አደሩ?" ስለው አለቀሰ።

ትናንት ከሰዓት እኮ ሆስፒታል ተኝተው የድምፅ መልእክት ልከውልኛል። "የጥናትሽ ሁለተኛው ሥዕል አይታይም፣ አጉልተሽ ሥሪው" ይላል። እስካሁን አላስተካከልሁትም።

ለማታውቋቸው፦ ዶክተር ውባለም ደብረ ታቦር ላይ ኬሚስትሪ ያስተማሩኝ፣ በኋላም ላቦራቶሪያቸው ውስጥ ቦታ የሰጡኝ መምህሬ ናቸው።

አንድ ቀን ልንገራችሁ።

ባሕር ዳር የድቅል ናኖ ቁሶች ሲምፖዚየም ነበር። የተጋበዙት እሳቸው ናቸው። ደውለው በራሳቸው ቦታ የኔን ስም አስጻፉ። አዘጋጆቹ ገና ጀማሪ ናት ብለው ሲከራከሯቸው፣ ካልተናገረች ጀማሪነቷ መቼ ሊያበቃ ነው አሏቸው።

መንገዱ አስጊ የነበረበት ሰሞን ነው። እሳቸውና እኔ የተሳፈርንበት ሚኒባስ አንበሳሜ ሲደርስ ኬላ ላይ አስቆሙን። ሁላችንም ወረድን። አንዱ ፈታሽ ቦርሳዬን ሲበረብር ብልቃጧን አገኛት።

ውስጧ ያለው የሸክላ አፈርና ብር በዓይን በማይታይ በናኖ ደረጃ አዋህደን የሠራነው፣ የጉድጓድ ውኃ ለማጣራት ያሰብነው ነገር ነው። ለሱ ግን ግራጫ ዱቄት ነው። ፊቱ ተለወጠ። ተሳፋሪው ከኔ ራቅ ራቅ አለ።

"እናቴ፣ ምንድን ነው ይሄ?" ብሎ የጠየቀው እሳቸውን ነው።

"ሥራው የሷ ነው። እሷ ትንገርህ" አሉት ዶክተር።

ይህችን ቃል ላቦራቶሪ ውስጥ ስንቴ ሰምቻታለሁ። ያን ዕለት ግን ጨከኑብኝ ብዬ ተናደድሁ። ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ።

"ከውኃው ጀምሪ" አሉኝ በቀስታ።

ናኖ የሚባለውን ትቼ፣ ይፋግ ሳድግ ስለምንቀዳው ጉድጓድ፣ ክረምት በገባ ቁጥር ሆዳቸውን ስለሚያማቸው ልጆች ነገርሁት። ሰምቶኝ ሲያበቃ የውኃ ኮዳውን አወጣ።

"እንግዲያው በጥብጠሽ ጠጪልኝ።"

ዱቄቱ አይጠጣም። ማጣሪያው ውስጥ የሚቀር ነው። እምቢ ብል ምን እንደሚያስብ ግን ገብቶኛል። ዞር ብዬ አየኋቸው። ዝም።

"አልጠጣም" አልሁት። "ጉዳቱን ገና መርምረን አልጨረስንም። ያላረጋገጥሁትን ደህና ነው ብዬ አልዋሽህም።"

የጠመንጃውን ማንገቻ አስተካከለ። ብልቃጧን ወደ ፀሐይ አንሥቶ አያት። አለቃውን ጠራና ፈንጠር ብለው ተንሾካሾኩ። ከመኪናው የወረደ ሁሉ ያፈጠጠው እኔ ላይ ነው። ኋላ አለቃው ራሱ መጥቶ መለሰልኝ፤ ክዳኑን አጥብቂው ብሎ።

ስንሳፈር ነው የሹራቤ ጀርባ መጨማደዱን ያየሁት። ለካ ዶክተር ከኋላዬ ቆመው ጨብጠውት ኖሯል።

ለምን አልተናገሩልኝም ብዬ ጠየቅኋቸው።

"እኔ ብናገር ያሳልፉን ይሆናል። ነገ ብቻሽን ስትመጪስ?" አሉኝ።

ሲምፖዚየሙ ላይም አንድ ትልቅ ፕሮፌሰር፣ መድረክ ላይ የቆምሁትን እኔን ትተው እሳቸውን ጠየቁ፤ ብሩ ወደ ውኃው እንደማይገባ በምን አወቃችሁ ብለው። ዶክተር ከመቀመጫቸው አልተነሡም። ያንኑ ቃላቸውን ደገሙ።

እኔም ገና አላወቅነውም፣ መለኪያ መሣሪያው የለንም አልሁ። በቃ፣ አሳፈርኋቸው ብዬ ነበር። ፕሮፌሰሩ ግን ናሙናውን ላኪልን፣ እንለካዋለን አሉኝ።

ተለካ፤ ብሩ ወደ ውኃው ይገባ ኖሯል። ዛሬ የምሠራው ጥናት እሱን ለማስቀረት ነው።

ዶክተርዬ፣ ነገ ጠዋት ደብረ ታቦር ይገባሉ ብለውኛል። አዲሶቹ ልጆች መርዶውን ሰምተው ላቦራቶሪው በር ላይ ተቀምጠዋል፤ ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም። አንዷ "አሁን ማንን እንጠይቃለን?" አለችኝ። አጠገቧ ተቀመጥሁ።

ከቀብርዎ መልስ በሩን እኔ እከፍትላቸዋለሁ። እርስዎ ብዙ ደክመውልናል። አሁን ይረፉ።