የሰጠኋት አገር

ዛሬ ጠዋት ጡረታ መውጣቴን ረስቼ ሥራ ገባሁ። ቤቴ ውስጥ "ወዴት ነው?" የሚለኝ ሰው የለማ። ባጃጅ ተሳፍሬ፣ የድሮ ቢሮዬ በር ላይ ወርጄ፣ ካፖርቴን ሚስማሩ ላይ ሰቅዬ ወንበሬ ላይ ጉብ አልኩ። አሁን በቦታዬ ያለችው ወጣት ባለሙያ ስትገባ፣ ቀጠሮ የሰጠቻቸው አያት መሰልኳት መሰለኝ፣ ጎንበስ ብላ "አባባ፣ ልጅቷስ የታለች?" አለችኝ።

ካፖርቴን ጥዬ ወጣሁ።

ይህን ለነፍስ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ዛሬ እናንተ ስሙኝ።

ሥራዬ ክፉ ነገር ያዩ ሕፃናትን እያጫወቱ ማናገር፣ ከዘመድ ማገናኘት ነበር። ቤታቸው ተቃጥሎ እናቷ ስትሞት ያየች አንዲት ልጅ መጣች፤ ከዚያ ወዲያ ትንፍሽ ብላ አታውቅም። እኔ ቀልደኛው በእንቆቅልሽ አፏን አስከፈትኳት። እሷ ትጠይቃለች፣ እኔ አውቄ እሸነፋለሁ፤ እውነቱን ልናገር ካልኩ ግማሹን በእርግጥም አላውቀውም። የተሸነፈ አገር ይሰጣል፣ ሕጉ ነው። አንድ ቀን ደብረ ኤልያስን ብሰጣት እምቢ፣ አዲስ አበባን ብሰጣት እምቢ። ደብረ ማርቆስን ሰጠኋት። ሳቀች። የእናቷ እህት እዚሁ ደብረ ማርቆስ ገበያ ድንች እየሸጠች ትኖር ነበራ። አላወቅሁም ልበል? አውቄአለሁ።

የአባቷ ወንድም ሊወስዳት ከሚኖርባት ከሮብ ገበያ ሽማግሌ ይዞ መጣ። እሱ በገባ ቁጥር ልጅቷ ጠረጴዛዬ ሥር ትገባለች። ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሽማግሌዎቹ ድናለች ወይ፣ እንውሰዳት ወይ ብለው ሲጠይቁኝ ምን አልኩ? "ትስቃለች እኮ!" በሳቋ መሰከርኩባት። ሲያመሰግኑኝ እንደ ሙሽራ ተሽኮረመምኩ። ሽማግሌ አፍሬ ነው እንዳልል፣ አይደለም፤ ምስጋናው ጣፈጠኝ።

ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል በመስኮቱ አየችኝ።

"ጋሼ፣ ደብረ ማርቆስን ሰጥተውኝ የለ?"

"ጨዋታ እኮ ነው፣ የኔ ልጅ" አልኳት። ሳቅኩም። እኔ ነኝ የሳቅኩት።

ከወራት በኋላ ልጠይቃት ሄድኩ። "እንቆቅልሽ" አልኳት። "ምን አውቅልዎ" ልትለኝ ይገባ ነበር። መሬት መሬቱን አየች። ደገምኩላት። ዝም። አጎትዬው ከመጣች ጀምሮ እንዲሁ ናት አለኝ። ያን ዕለት ተሳስቻለሁ ብል አክስቷ ትወስዳት ነበር። አላልኩም። ድናለች ያልኩት እኔ ነኛ፤ ልጅቷን ትቼ ቃሌን ጠበቅሁ።

አሁን ቤቴ ተቀምጬ አንዳንዴ "እንቆቅልሽ" እላለሁ። ግድግዳው ጨዋታ አያውቅም።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ካፖርቴን ነገ ሄጄ አመጣዋለሁ። የዚያች ልጅ ግን አንድ አገር አለብኝ።