ስለቱ ዝጓል

ጽሑፍ ብዬ የጻፍኩት ነገር እስከ ዛሬ የለም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲህ እስክሪብቶ የያዝኩት ስሜን ለመጻፍ ብቻ ነው። ለሰው መናገርም አይሆንልኝም። ሦስት ሰው ካየኝ ድምፄ ይጠፋል። ይህን ነገር ለመናገር ሞክሬ መሀሉ ላይ ዝም አሰኝተውኛል፤ ወረቀት ግን አያቋርጥም ብዬ ነው።

የምጽፈው ስለ በረዶ መንሸራተቻ ጫማ ነው። እኔ አድርጌው አላውቅም። የምትንሸራተተው የአጎቴ ልጅ ናት፤ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፣ እዚሁ ለንደን ነው የተወለደችው። አጎቴ ከደሴ ሲያስመጣኝ «እንግሊዝኛ ትማሪያለሽ፣ ኮሌጁ ቅርብ ነው፣ በእግርሽ ትሄጃለሽ» ብሎኝ ነበር። ኬኒንግተን ያለው፣ ከመንግሥት የተከራዩት የካውንስል ቤታቸው ስገባ ልጅቷ ክፍል ውስጥ ታጣፊ አልጋ ተዘረጋልኝ። ትምህርቱ ግን ጠዋት ጠዋት ነው፣ የልጅቷም ልምምድ ጠዋት ጠዋት ነው፣ ቦርሳዋን ይዤ የምከተላት ደግሞ እኔ ነኝ። የአጎቴ ሚስት፣ እትዬ ነው የምላቸው፣ ነገሩን እንዲህ ቆረጡት፤ «የመንሸራተት ፈተናዋን ትለፍ። ካለፈች ከሰዓት የሚለማመዱት ጋር ትገባለች፣ ያን ጊዜ እኔ እወስዳታለሁ። ጠዋቱ ያንቺ ነው፣ ሄደሽ ተማሪ።»

ስለዚህ ልጅቷ እንድታልፍ ከእናቷ እኩል ነበር የምፈልገው። እግዜር ያያል፣ ምናልባትም ከእናቷ በላይ።

የጫማውን ስለት የሚስለው ሰውዬ በበረዶ ሜዳው መግቢያ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው የሚሠራው። ሽማግሌ ነው፣ ቁጡ ነው። መጀመሪያ ቀን ጫማውን ከነውሃው ቦርሳ ውስጥ ስከት አየኝና ከእጄ ነጠቀኝ። የሚለው አልገባኝም፤ እጁን ግን ተከታተልኩ። ስለቱ ላይ የቀረውን በረዶ በጨርቅ ጠረገ። ስለቱ ከሶሉ ጋር የሚገናኝበትን ጥግ በጨርቁ ጫፍ ጎረጎረ። ከዚያ አስቀምጦት ጠበቀ። የደረቀው ብረት የቤቱ ሙቀት ሲያገኘው እንደ መስኮት መስታወት አላበው። እንደገና ጠረገው። ቀጥሎ ሁለት ዓይነት ልባስ አሳየኝ። አንዱ ፕላስቲክ ነው፣ ጋርድ ይሉታል፤ ከበረዶው ወርደው ሲሚንቶ ላይ ሲራመዱ ስለቱ እንዳይበላ ነው። ሌላው ከፎጣ የተሰፋ ነው፤ የተረፈውን እርጥበት ይጠጣል፣ ቦርሳ ውስጥ የሚገባው እሱን ለብሶ ነው። ፕላስቲኩን እንዳደረገ ካሳደሩት ውሃው ታፍኖ ብረቱን ይበላዋል። ሰውዬው ስለቱ ቡናማ ሆኖ የተበላ አሮጌ ጫማ ከመደርደሪያ አነሳና ወደ ጫማው፣ ቀጥሎ ወደ እኔ ጣቱን ቀሰረ። ገባኝ። በጠንካራው ይሄዳል፣ በለስላሳው ይተኛል ብዬ ያዝኩት።

ልጅቷ «ብሌድ» ትለዋለች። እትዬ «ብረቱ» ይሉታል። እኔ ስለት ነው የምለው፤ እኛ ቤት የቢላዋም የማጭድም አፍ ስለት ነው። ፕላስቲኩን ደግሞ ስሙን እስክለምደው አፎት አልኩት። እትዬ ሰምተው «የምን አፎት? ሰይፍ የታጠቀች መሰላት እንዴ?» አሉ። ልጅቷ ቃሉን አታውቀውም ነበር፤ ሲያስረዷት ሶፋው ላይ እስክትንከባለል ሳቀች። ከዚያ በኋላ ከበረዶው ስትወርድ «አፎት» እያለች ትጣራለች። ጋርዱን ትሁን እኔን አላውቅም። ሁለታችንም እንመጣለን። እኔ እንበረከካለሁ፣ እሷ እጇን ጭንቅላቴ ላይ አድርጋ አንድ እግሯን ታነሳለች፣ አለብሰዋለሁ፤ ሌላውን ታነሳለች። ሲያሰኛት እጇን ሳታነሳ ከጓደኞቿ ጋር ታወራለች፤ እኔም ወሬው እስኪያልቅ እዚያው እቆያለሁ።

ስለት በደንብ መሳሉን የሚያውቁት በጥፍር ነው። ጥፍርን ቀስ አድርገው በላዩ ይስቡታል፤ ስል ከሆነ ከጥፍሩ ትንሽ ልጦ ያነሳል። አንድ ቀን ጫማው ተስሎ መጣና መልበሻ ክፍል ውስጥ ጓደኞቿ ፊት «ፋራ፣ ጥፍርሽን አምጪ» አለችኝ።

«የራስሽስ?»

«የኔ ቀለም አለው።»

ሰጠኋት። መጀመሪያ ጥፍሬን ላጠች። ከዚያ ወደ ሥጋው ወረደች። እጄን ስነጥቅ አውራ ጣቴ ተሰንጥቆ ደሙ ስለቱ ላይ ወረደ። አንዷ ጓደኛዋ የሆነ ነገር ጠየቀቻት፤ እሷም መለሰችላትና ሳቁ። ወደ እኔ ዞራ በአማርኛ ነገረችኝ፤ «ያማታል ወይ አለችኝ። የገጠር እጅ ነው አልኳት።» እኔ የገጠር ልጅ አይደለሁም። ጣቴን አፌ ውስጥ ከትቼ ስቆም ጫማውን አቀበለችኝ።

«ጥረጊዋ። ደምም ያዝጋል አይደል?»

ጠረግኩት። ጥጉንም በጨርቁ ጫፍ ጎረጎርኩ።

ፈተናው እሑድ ነበር። አሠልጣኟ እስከዚያ እረፊ ብላታለች። ዓርብ ጫማውን አስለን መጣን፤ ሁለት ጊዜ አድርቄ ፎጣውን አልብሼ ቦርሳ ውስጥ አስቀመጥኩት። ኮሌጁ የሚመዘግበው እስከሚቀጥለው ሳምንት ነው፤ አጎቴ ሊያስመዘግበኝ መታወቂያዬን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከቶልኝ ነበር። ያኑ ዓርብ ከሰዓት እትዬ ከቤተ ክርስቲያን ጸበል በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘው ገቡ።

«አምጪ ቦርሳውን» አሉኝ።

አመጣሁ። ፎጣውን ገፈው ጣሉት። ይረጫሉ ስል አፈሰሱት። አንዱን ጫማ፣ ቀጥሎ ሌላውን። ውሃው በስለቱ ሄዶ ብሎኖቹ ሥር ገባ።

«እትዬ፣ ውሃ አይወድም።»

«ውሃ ነው ያልሽው?»

«እርጥበት ማለቴ ነው።»

«ጸበል ነው። ተስያለሁ፤ ልጄ ካለፈች ጃንጥላ አስገባለሁ።»

«ትንሽ ላድርቀው?»

«ጸበል በጨርቅ ሲጠረግ የት አየሽ? ስድስተኛ ክፍል እንዲህ ነው የሚያስተምሩት?»

ልጅቷ ስልኳ ላይ ተጋድማ ነበር። ቀና ብላ አየችና «ማሚ፣ ይዝጋል እኮ» አለች እያዛጋች።

«አይዝግም። አንቺ ጸልዪ።»

ልጅቷ ወደ ስልኳ ተመለሰች። እትዬ ፎጣውን ቆሸሸ ብለው ወደ ልብስ ማጠቢያው ወረወሩት፣ ፕላስቲኩን በእጃቸው አለበሱት፣ ቦርሳውን መኝታ ቤታቸው አስገብተው ከሥዕሉ ሥር፣ አጎቴ በሚተኛበት በኩል አስቀመጡት።

ቅዳሜ እትዬ ገበያ ሲወጡ መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆምኩ። አጎቴ ከሌሊት ሥራ ገብቶ ጋደም ብሏል። ቦርሳው ከራስጌው አጠገብ ነው።

«አጎቴ፣ ጫማውን አንዴ ልጥረገው?»

ዓይኑን ሳይገልጥ «እሷ ያስቀመጠችውን አትንኪ» አለ። «ቤቱን አታበጣብጪብኝ።»

«ውሃ ፈሶበታል።»

«ሰምተሻል።»

ሰምቻለሁ። ተመለስኩ።

እሑድ ሁለት የእትዬ የማኅበር እህቶች ነጠላቸውን እንደለበሱ ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ ወደ በረዶ ሜዳው መጡ። መልበሻ ክፍል ውስጥ ልጅቷ እግሯን ዘረጋችልኝ። ጫማውን አስሬ ወደ በረዶው መግቢያ ሄድንና ጋርዱን ስስበው አልላቀቅ አለ። በኃይል ሳወልቀው ቡናማ ውሃ ጉልበቴ ላይ ፈሰሰ። ስለቱ ከተረከዙ እስከ ጣቱ ቀልቷል። ስነካው እንደ አሸዋ ይሻክራል። ድንጋጤው ነው መሰል፣ ድምፄ ወጣ።

«እትዬ፣ ስለቱ ዝጓል።»

አንደኛዋ ሴትዮ አማተበች። «ምን አለች? የቱ ስለት?»

«ሰው በተሳለው ስለት ላይ እንዲህ ይባላል?» አለች ሁለተኛዋ። «ለዚያውም በሰንበት። ልጄ፣ ከአፍሽ ደግ ደጉን አውጪ።»

«የጫማው ነው» አልኩ። «የጫማው ስለት።» ድምፄ ግን ያኔ ጠፍቶ ነበር።

እትዬ ጫማውን አይተውታል። ዓይናቸው ቀዩ ላይ ሲያርፍ አየሁ። አሁን ለሴቶቹ ያስረዳሉ ብዬ ጠበቅኩ።

«አፏ ነው» አሉ። «ቤቴ ከገባች ወዲህ ደግ ቃል ወጥቷት አያውቅም። ልጄን በምላሷ ነው የምታሰናክላት።» ፈገግ እንዳሉ ጠጋ አሉኝና በኮቴ እጅጌ ሥር ክንዴን ቆነጠጡኝ። ሳይለቁ አጠማዘዙት። ሴቶቹ ያቀፉኝ ነው የመሰላቸው፤ አንዷ «በቃ ይቅር በያት» ስትል ሰማሁ።

ጫማዎቹን ከልጅቷ እግር ፈትቼ ወደ ሰውዬው ክፍል ሮጥኩ። ወረፋ ነበር። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ገፍቼ አለፍኩ። ሰውዬው ስለቱን አየ፣ እኔን አየ። «አሳይቼሽ ነበር» አለኝ። ይህን ያህል እንግሊዝኛ እሰማለሁ። እኔ አይደለሁም ለማለት የሚሆን ግን አልነበረኝም። በመሣሪያው ሊስለው ሲል የልጅቷ ስም በድምፅ ማጉያ ተጠራ። በእጁ ድንጋይ ጥቂት አሻሸውና መለሰልኝ።

የመጀመሪያውን ዙር በደህና ሄደች። መታጠፊያው ላይ ስለቱ በረዶውን መያዝ አቃተው፤ እግሯ ወደ ጎን ሸሸና በዳሌዋ ወደቀች። ተነሳች። ለመሽከርከር ስትሞክር እንደገና ወደቀች። አሳዘነችኝ ብል እዋሻለሁ። እሷ በወደቀች ቁጥር የሚታየኝ የኮሌጁ በር ነበር። ፈታኟ ወረቀቷን አጥፋ ጥቂት ቃል ተናገረች፤ ልጅቷ ፊቷን በጓንቷ ሸፈነች።

ቤት ስንገባ አጎቴ ወደ ሥራ ሊሄድ ጫማውን እያሰረ ነበር።

«ወደቀች» አሉት እትዬ። «የወንድምህ ልጅ ስለቱን ከነውሃው በፕላስቲኩ ቋጥራ አስቀምጣላት ነው የወደቀችው። አንድ ሥራ ነው የሰጠኋት። አንድ ሥራ።»

አሁን ነው ስለት ያሉት። እስከ ዛሬ ብረቱ ነበር ስሙ።

«ቦርሳው እናንተ ክፍል ነው የነበረው» አልኩ። እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም።

አጎቴ የጫማውን ክር እንደያዘ ቀረ። ቦርሳው ሁለት ቀን ከራስጌው ነበር። ዓይኔን ጣልኩበት፤ ቀና አላለም።

«ማን ነው ጋርዱን ያደረገው?» ብሎ ልጁን ጠየቃት፤ እኔን ሳይሆን።

ልጅቷ እናቷን አየች። ቀጥላ እኔን አየች። «ሁልጊዜ እሷ ናት የምታደርገው» አለች።

ውሸት አይደለም። ሁልጊዜ እኔ ነኝ።

«እኔ ስለ በረዶ ምን አውቃለሁ» አለ አጎቴ። ተነሳ፣ መታወቂያዬን ከኮቱ ኪስ አወጣና ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀመጠው። በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው።

እትዬ ሻይ እየቀዱ ቀጠሉ። «ትምህርት ትላለች ደግሞ። ጫማ ማድረቅ ያልገባት እንግሊዝኛ ሊገባት። እንደገና ትፈተናለች፤ እስከዚያ ጠዋት ጠዋት እንደ ድሮሽ ነሽ። ደግሞ ሰው ፊት አፍሽን እንዳትከፍቺ፣ ቀፋፊ ነው።»

ማታውን ፎጣዎቹን ከልብስ ማጠቢያው አውጥቼ አሰጣሁ። ጫማውን አደረቅሁት፤ ዝገቱ ጨርቁን አቀላው እንጂ አልለቀቀም። ልጅቷ አልጋዋ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ስልኳን ታያለች።

ሰኞ ጠዋት አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ቦርሳው ትከሻዬ ላይ ነው፤ ልምምዱ ከመጀመሩ በፊት ሰውዬው ጋ አስገብተን እናስለዋለን። ልጅቷ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ ዘፈን ታዳምጣለች። አሁን ካልጠየቅኩ መቼም አልጠይቅም ብዬ ክንዷን ነካሁ። አንዱን ከጆሮዋ አወጣች።

«እናትሽ ሲያፈሱ አይተሻል» አልኳት። «ይዝጋል ያልሽውም አንቺ ነሽ። ለምን አልነገርሽልኝም?»

«አይቻለሁ» አለች።

«ታዲያ?»

ወደ ብሪክስተን የሚሄደው አውቶቡስ ሲመጣ እጇን ዘረጋችለት። ሊከፈት ያለውን በር እያየች፣ እኔን ሳታይ ነው የመለሰችልኝ፤

«አንቺ ስኩል ከገባሽ ጫማዬን ማን ይጠርግልኛል?»