ሁለት ጊዜ ያጠበብኩት ዩኒፎርም

ይህ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ያኔ ጂንካ መሃል ባለው የአውሮፕላን ሜዳ ላይ ከብት ይግጥ ነበር፤ አውሮፕላን ሲመጣ ሰው ሮጦ ያባርራቸዋል። የዚያ ዘመን ነገር ሁሉ ይናፍቀኛል። ከሁሉም በላይ ግን አንዲት ተማሪ አትረሳኝም።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ማንም አላስተማረኝም፤ ያረጀ ኮት ፈትቼ መልሼ እየገጠምኩ ነው ሙያውን የያዝኩት። ከገዘር እስከ ኦሞራቴ የእኔን ስፌት የሚያህል አልነበረም ብል አልዋሸሁም። የሰው ልክ አልጽፍም። ጮክ ብዬ እጠራዋለሁ፣ በዚያው ጭንቅላቴ ውስጥ ይቀራል። ከዓመት በኋላ ብጠየቅም አልስትም።

መስከረም ላይ ተማሪዎች ዩኒፎርም ለማሰፋት በረንዳዬ ላይ ይሰለፋሉ። አስቴር ከገዘር መጥታ አክስቷ ቤት ሆና የምትማር፣ ደርባባ፣ ሳቂታ ልጅ ነበረች። ወገቧን ለክቼ እንደ ልማዴ ጮክ ብዬ ጠራሁና፣ "ኧረ ለአንቺስ የሁለት ሰው ጨርቅ ያስፈልጋል!" አልኩ። ተሰላፊው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷም ሳቀች። እኔም በጨዋታ አዋቂነቴ ደስ አለኝ።

ኅዳር ላይ ቀሚሱ ሰፋኝ ብላ መጣች፤ አጠበብኩላት። ጥር ላይ ደግሜ አጠበብኩ። ስፌቴ ተነካክቷል ስለማያሰኝ በራሴ ኮራሁ እንጂ ልጅቷን ልብ ብዬ አላየኋትም። አክስቷም ምግብ ስትተው ለጸሎት የጾመች መስሏት ትመርቃት ነበር።

መጋቢት ላይ ለሦስተኛ ጊዜ መጣች። ሜትሩን ሳዞርባት ደነገጥኩ። ከመስከረሙ አንድ ስንዝር ያህል ጎድሏል። በዚያ ሙቀት ጣቶቿ በረዶ ሆነዋል።

"አሞሻል እንዴ?" አልኳት።

"ደህና ነኝ ጋሼ" አለችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "አሁንስ የአንድ ሰው ጨርቅ ይበቃኛል?" ብላ ጠየቀችኝ።

እኔ የረሳሁትን ቀልድ እሷ ይዛው ከርማለች።

ቀሚሱን አላጠብም አልኩ። ቅዳሜ እናቷ ለገበያ ስትመጣ ሁሉንም ነገርኳት። "ልጄን በምላስህ ልትገድላት ነው!" ብላ ጮኸችብኝ።

አብረን ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ጤና ረዳቱ፣ "ብይ እያላችሁ አትቆጧት፤ አብራችኋት ብሉ። በየሳምንቱም አምጧት" አለን። በአንድ ቀልድ ብቻ እንዲህ አይኮንም ብሎም ሊያጽናናኝ ሞከረ። አልተጽናናሁም። በሰው ፊት ያልኩትን በሰው ፊት ልመልስ ብዬ፣ በዚያው በረንዳ ላይ ጓደኞቿ ባሉበት ይቅርታ ጠየቅኋት።

እኔ ልብስ ሳጠብ ጨርቅ አልቆርጥም፤ ትርፉን ወደ ውስጥ አጥፌ ነው የምሰፋው። በዚያ ዓመትና በሚቀጥለው ስፌቱን አንድ በአንድ ፈታሁላት። ቶሎ አልሆነም። ዳነች ስንል ተመልሳ ምግብ የምትተውበት ጊዜ ነበር። የመጨረሻውን ስፌት የፈታሁ ቀን የተሰማኝን ደስታ፣ ለአስተዳዳሪ ሙሉ ልብስ ሰፍቼም አላገኘሁት።

አሁን በሬዲዮ እንዲህ ያለው በሽታ ስም እንዳለው ሲናገሩ እሰማለሁ። ያኔ ስሙን አላውቅም፤ ሜትሬ ነው የነገረኝ፣ እሱም ዘግይቶ።

አስቴር ዛሬ የልጆች እናት ናት። ሴት ልጇን ልብስ ልታሰፋ ስታመጣት፣ "ጋሼ፣ ቁጥሩን ለራስዎ ይያዙት" ትለኛለች እየሳቀች።

እይዘዋለሁ። እጄ ዛሬም አልደከመም። የሰው ልክ ግን ከዚያ ወዲህ ጮክ ብዬ ጠርቼ አላውቅም።