ከውስጥ የጋለው ጀንፈል

ልጄ ሀናን ትናንት ቦሳ ኪቶ ሰፈር ካለው ቤታችን በረንዳ ላይ ተቀምጣ ለሎጂክ ፈተና ስታጠና፣ «እማ፣ 'እሱ ከመጣ በኋላ ሆነ፤ ስለዚህ በእሱ ምክንያት ሆነ' የሚል ሙግት ለምንድነው ውድቅ የሚሆነው?» ብላ ጠየቀችኝ። የያዝኩትን የአቮካዶ ሳህን አስቀመጥኩት። ያ ረቢ! የሻገተ ቡና ሽታ አፍንጫዬ ላይ መጣ።

ያ ሽታ ግቢያችንን የሞላው ጊዜ እኔም የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ለእረፍት በሰቃ መንገድ ወዳለው መንደራችን ስመለስ ታኅሣሥ ነው፤ ያለ ወቅቱ የመጣ ዝናብ መንገዱን ጭቃ አድርጎታል። ግቢያችን በሰው ተሞልቷል፤ ሰላም ያለኝ እንኳ የለም። አባቴ አገር የሚያከብረው ሽማግሌ ነበር፤ ሰው ሲጣላ የሚዳኘው እሱ ነው። የዚያ ዓመት ጀንፈላችን፣ ከነገለባው የሚደርቀው ቡና፣ መጋዘን ውስጥ ተበላሽቶ ተገኝቷል። መሃል ላይ ማርቆስ ቆሟል፤ ከደቡብ መጥቶ ከነሚስቱ እኛ ጋ የሚሠራ፣ መዝሙር ከአፉ የማይጠፋ ሰው። ጎረምሶች ዱላ ይዘው ከበውታል።

«ማክሰኞ ከአባቷ ጋር ተጣላ፤ ዛሬ ቡናው ሻገተ» አለ አጎቴ ወደ እኔ እየጠቆመ። «ውሃ ያፈሰሰበት እሱ ነው። ሌላ ማን አለ?»

አንዱ ጎረምሳ ዱላውን ሲያስተካክል አየሁ። ወላሂ ጀግና ሆኜ አይደለም፤ አዲስ የተማርኩት የሎጂክ ትምህርት አፌን በላኝ።

«አጎቴ፣ ማሎ» ብዬ ለመንኩት። «መጣላቱም እውነት፣ መሻገቱም እውነት። ግን መጣላቱ ብቻውን እሱ ነው አያሰኝም። ውሃ ቢፈስበት ላዩ ነበር የሚበሰብሰው። እስቲ እንየው።»

እጄን ክምሩ ውስጥ ከተትኩ። ላዩ ደረቅ ነው። እስከ ክርኔ ስዘልቅ ግን እንደ ትኩሳታም ሰው ገላ ይጋረፋል። እንዲህ ከውስጥ የሚግለው ሳይደርቅ የተከመረ ቡና ነው፤ ይህን እዚያ ግቢ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም።

ማን አስከመረው ብሎ የጠየቀ የለም። በእኛ ቤት ያለ አባቴ ቃል ከማድረቂያው አልጋ አንድ ፍሬ አይነሳም። ሙግቱን እዚያ ድረስ ያመጣሁት እኔው ነኝ። ሁሉም መሬት መሬት አየ። አባቴ «ልቀቁት» አለ። ድምፁ የእሱ አልመስል አለኝ።

አመሻሽ ላይ ማርቆስና ሚስቱ ጓዛቸውን ተሸክመው ሲወጡ በር ላይ ደረስኩባቸው።

«ጋሼ ማርቆስ፣ ነጻ ወጣህ እኮ! ወዴት ነው?»

«ጌታ ይባርክሽ እህቴ» አለኝ፣ ወደ ቤታችን እንዳያይ እየተጠነቀቀ። «ጥፋተኛ ብሆን ደብድበው ይተዉኝ ነበር። አሁን ግን አባትሽ በእኔ የተነሳ በሰው ፊት አፈሩ። ከእንግዲህ እዚህ አላድርም።»

ጎረምሶቹ ዱላቸውን አልጣሉም፤ እነ ማርቆስ የሄዱበትን መንገድ ቆመው ያያሉ። ባልና ሚስቱ የት እንደደረሱ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

ለሀናን መልሱን ነገርኳት፤ ፈተናውን ታልፋለች። ዛሬ ጠዋት ግን ወደ መንደራ ቆጪ የወሰደኝ የባጃጅ ሹፌር ስለ አዲስ ጎረቤቶቹ አንስቶ፣ «እነሱ ከመጡ ወዲህ ነው እኮ ሰፈራችን የተበላሸው» አለኝ። እንደ ድሮው አፌን በላኝ። ሙግቱን ማፍረስ ቀላል ነበር። እኔ ግን መንገዱን ሙሉ የማስበው ሌላ ነበር፤ ሙግቱን ባፈርሰውስ፣ እነዚያ ሰዎች ማታ የት ያድራሉ?