ያጠፋኋቸው ሁለት ገጾች

ከእንጦጦ ግርጌ ባለ አንድ ሙዚየም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የብራና መጻሕፍትን ፎቶ እያነሳሁ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጣለሁ። መመሪያችን አጭር ነው፤ ከሽፋን እስከ ሽፋን ሁሉም ገጽ ይነሳል፣ ሁሉም ይቀመጣል። እኔ ግን ቶሎ መጨረስ የምወድ ሰው ነኝ። ችኩል ነሽ ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው።

አንድ ጊዜ ዲስኩ ሞላ። አዲስ እስኪገዛ መጠበቅ ሰለቸኝና የማይረቡ የመሰሉኝን ፎቶዎች እየለቀምኩ አጠፋሁ። ከእነሱ መካከል የአንድ ቤተሰብ ዳዊት የመጨረሻ ሁለት ገጾች ነበሩ። መዝሙሩ ካለቀ በኋላ በተረፈው ብራና ላይ አባወራው የልጆቹን የክርስትና ስም በእስክሪብቶ ጽፎበት ነበር። ሙንጭርጭር ነው አልኩ። ዳዊቱም ለባለቤቶቹ ተመለሰ።

ዘንድሮ አንዲት እናት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከወሰን ሰፈር መጡ።

«ልጄ፣ ወንድሜ ዐረፈብኝ። በቀብሩ ዕለት ቄሱ የክርስትና ስሙን ቢጠይቁ የሚያውቅ ጠፋ። ፍትሐቱ በዓለም ስሙ ተደረሰ። አርባው ሳይደርስ ስሙን ላግኝለት ብዬ ነው። ዳዊታችን ከነቤቱ ተቃጥሏል፤ ፎቶው እናንተ ጋ አለ አሉኝ።»

ፋይሉን ከፈትኩ። መዝሙሩ አንድ ፊደል አልጎደለውም። መዝሙሩማ በየደብሩ ሞልቷል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀም አልነበረም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት ልል አፌን ከፈትኩ፤ ፈራሁ።

«እማማ፣ እዚህ የለም» አልኳቸው።

«አልተጻፈም ማለት ነው?»

«አልተጻፈም መሰለኝ።»

ማንበብ አይችሉም፤ ቢሆንም ስክሪኑን ትኩር ብለው አዩት።

«ወንድሜ አባባ አይወደኝም እያለ ነው የኖረው» አሉ። «እኔ ደግሞ እናታችን የነገረችኝን ይዤ፣ ስምህን ዳዊቱ ላይ በገዛ እጁ ጽፎልሃል እያልኩ አጽናናው ነበር። ለካ ስዋሸው ኖሬያለሁ።»

ያን ጊዜም መናገር እችል ነበር። ግን ክንዳቸውን ደግፌ እስከ በሩ ሸኘኋቸው።

«አደከምኩሽ ልጄ፣ ዕድሜ ይስጥሽ» አሉኝ።

«አሜን» አልኩ።